ስሜ የቱ ጋ ነው?

— ሄሎ… ሄሎ? አቤት። አዎ፣ ማሬ ነኝ፤ መጻሕፍቱን በኢንተርኔት በነፃ የማወጣው። ደብረ ታቦር ነው፣ አልተሳሳቱም። ማን ልበል?

— አልሰማሁም፣ ፎቶ ኮፒው እየጮኸ ነው። (አልማዝ፣ እስቲ አንዴ አጥፊልኝ። አቶ ሞላ፣ ትንሽ ይታገሱን፣ ማመልከቻዎ ሁለት ገጽ ነው የቀረው።) እሺ፣ አሁን ይናገሩ።

— መምህር ምናለ… የቱ መምህር ምናለ?

— ምናለ ይሻው? «የጉና ሙሾ»ን የጻፉት?… ወንድሜ፣ በዚህስ አይቀለድም። እኒያ ሰው ሞተዋል፣ ነፍሳቸውን ይማር። እኔው ነኝ መጽሐፋቸው መጀመሪያ ላይ…

— አዎ፣ «ነፍስ ይማር» ብዬ የጻፍኩት። አዩት እንዴ?

— ቆይ… ቆይ ቆይ። እውነት አንቱ ራስዎ ነዎት? በምን ልመን? መጽሐፉን እንደሆነ ማንም ሰው ስልኩ ላይ ያነበዋል።

— ገጽ ሠላሳ አንድ? ምን ተሳሳትኩ?… ይጠብቁኝ፣ ዋናው ቅጂ መሳቢያ ውስጥ ነው። (አልማዝ፣ ቁልፉን! ያንን አይደለም፣ ትንሹን። ተይው፣ ራሴ።) ሄሎ፣ እንዳይዘጉት! ይኸው፣ ያዝኩት። ሠላሳ አንድ… «ብርዱ ከጉና ነው ይላል አገር ሁሉ፤ ጎጆን ይዳስሱ የማያውቁ ካሉ።»

— ጎጆን አይደለም?

— «ጎኔን»… «ጎኔን ይዳስሱ የማያውቁ ካሉ።» ባሏ የሞተባት ሴት ናት፤ የተኛበት ጎኗ ነው የቀዘቀዘው… ወይ አምላኬ! ጋሼ፣ እዚች ቃል ላይ እኮ እድፍ አለባት። ሦስት ቀን በማጉያ አይቻት «ጆ» መሰለችኝ። ጎጆም ይበርዳል ብዬ…

— (አልማዝ! ሰውዬው አልሞቱም! መምህር ምናለ፣ የጉና ሙሾው! እውነቴን ነው እንጂ! ስልኩ ላይ ናቸው!)

— ጋሼ፣ ይቅር ይበሉኝ። ድሮ ያስተማሩበት አገር ድረስ ሄጄ ጠይቄ ነበር። አንድ ሽማግሌ «ኧረ እሱ ከሞተ ቆየ፣ ልጅም አልነበረውም» አሉኝ፤ የምጠይቀው ሰው አጣሁ። ሌላ ምናለ ሞቶ ይሆናላ። አሁኑኑ አርመዋለሁ… ቃሏንም፣ ሞትዎንም። የት ነው ያሉት?… ወረታ! ወረታ ተቀምጠው ነው እኔ እዚህ ነፍስ ይማር የምለው? በመኪና እኮ አንድ ሰዓት ነው!

— ምራትዎ ናት በስልኳ ያሳየችዎ። ትመስገን። ታዲያ ደስ አላለዎትም? አሥራ አራት ሺህ ሰው ነው ያወረደው። አሥራ አራት ሺህ! ሺህ ቅጂ ብቻ ታትሞ የጠፋ መጽሐፍ። አንዲት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፏን ሠራችበት። ከአረብ አገር እንኳን ይደውሉልኛል፤ «እናቴ ስትሞት ቀብሯ ላይ አልነበርኩም፣ ያቺን ሙሾ እያነበብኩ አለቀስኩላት» ያለችኝ ልጅ አለች…

— ጋሼ? ይሰሙኛል?… ሄሎ?

— ምን አሉኝ?

— አንሺው? መጽሐፉን ከኢንተርኔት ላንሳው?

— (አይ አልማዝ፣ አልቀመጥም። ወንበሩን ለአቶ ሞላ ስጫቸው።) ጋሼ፣ ለምን? ስለ ሞትዎ ከሆነ እኮ አርመዋለሁ አልኩ። ገንዘብ አገኘችበት ብለው ከሆነም በማርያም እምላለሁ፣ የምተዳደረው በፎቶ ኮፒና በማመልከቻ ነው፤ ከመጻሕፍቱ ሰባራ ሳንቲም…

— እሱም አይደለም። እሺ፣ ምንድን ነው ታዲያ?

— ከየት አመጣሽው?… እሱንማ ይስሙኝ። ይቆጡኝ፣ ግን መጀመሪያ ይስሙኝ። ያንን መጽሐፍ የት እንዳገኘሁት ያውቃሉ? ይፋግ። ይፋግ ገበያ፣ አንድ ሱቅ። በርበሬ ልገዛ ገብቼ ነጋዴው ከአንድ መጽሐፍ ላይ ቅጠል ቦጨቅ አድርጎ ጠቀለለልኝ። መንገድ ላይ ገለጥ አድርጌ ሳነበው ሙሾ ነው። ተመልሼ «ሌላውስ?» አልኩት። «እሱ ነው የቀረው» ብሎ ሽፋን አልባውን ወረወረልኝ። የተቦጨቁትን ሦስት ቅጠሎች ደግሞ ከሰው እጅ ለቀምኳቸው፤ የሰው በርበሬ እየገለበጥኩ፣ እየተሰደብኩ! እድፉ የመጣው ከዚያ ነው። ከዚያ ሁለት ወር ሙሉ በሁለት ጣቴ ኮምፒውተር ላይ መታሁት።

— ማን አዘዘሽ?… ማንም። ማንም አላዘዘኝም።

— ቤይሩት ዘጠኝ ዓመት ሠርቻለሁ ጋሼ። አንዲት አሮጊት ነበር የማስታምመው፤ ድሮ አስተማሪ ነበሩ። ዓይናቸው ሲደክም ልጃቸው ኮምፒውተር ገዛላቸው፣ ፊደሉን እያተለቅኩ እከፍትላቸዋለሁ። የፈለጉትን መጽሐፍ ስሙን ሲነግሩኝ እጽፋለሁ፣ ይመጣል። በነፃ! «ማነው እንዲህ ያለ ደግ?» ብዬ ልጁን ብጠይቀው፣ ኮምፒውተር ቤት በሚያህልበት ዘመን አንድ ፈረንጅ ተነስቶ በገዛ እጁ እየመታ «ውሰዱ፣ አንብቡ» ማለት ጀመረ፣ ከዚያ ሰው ሁሉ ተከተለው አለኝ። እኔም አሮጊቷ ሲተኙ በአማርኛ ፈለግሁ። አንድም። አንድም የለም ጋሼ! ፊደላችን ራሱ በአራት ማዕዘን ሳጥን ነበር የሚመጣው። ያን ዕለት አንድ ነገር ገባብኝና እስከ ዛሬ አልወጣ አለ። አገሬ ስገባ ወንድሞቼ ቴሌቪዥን ሲጠብቁ እኔ ስካነር ተሸክሜ መጣሁ። አብዳለች ተባልኩ። ይኸው ዛሬ መቶ ዘጠና ሦስት መጻሕፍት ነው ያወጣሁት፤ ደራሲው በሕይወት ካለ በእግሬ ሄጄ እጠይቃለሁ፣ ከሌለ ቤተሰቡን። አንድ የመጻሕፍት ነጋዴ እንኳን «ገበያዬን ዘጋሽው» ብሎ በር ላይ ቆሞ ሲያስፈራራኝ አላነሳሁም። አንድም መጽሐፍ አንስቼ አላውቅም። እና ከአንቱ አፍ «አንሺው»…

— እሺ። እሺ፣ ዝም አልኩ። ይናገሩ።

— አዎ… የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ጊዜ። እናቴም ያኔ ነው ፊደል የቆጠረችው።… ጉና ተራራ ሥር። እሺ።

— ወይዘሮ ለተሥላሴ። ለተሥላሴ አባይ… የለም፣ አልሰማሁም። እንዴት እሰማለሁ?

— አልቃሽ ነበሩ። እሺ…

— ሁሉንም?

— ጋሼ፣ ቀስ ይበሉ። መቶ አሥራ ሁለት ሙሾ ነው መጽሐፉ ውስጥ ያለው። መቶ አሥራ ሁለቱንም እሳቸው?

— (ዝም በይ አልማዝ፣ ቆይ እነግርሻለሁ። የማይሆን ነገር እየሰማሁ ነው።)

— አለሁ፣ እየሰማሁ ነው… እሺ… ሁለት ክረምት ሙሉ። ማታ ማታ እሳቸው እያሉልዎት፣ አንቱ እየጻፉ። ቀን ፊደል ሲያስቆጥሯቸው… ተማሪዎ ነበሩ? ስማቸውን መጻፍ ያስተማሯቸው አንቱ ነዎት?

— እኔ ግን መግቢያው ላይ ያነበብኩት «ደራሲው ከልቡ ያፈለቀው» ነው የሚለው። በእጄ ነው የመታሁት። አምኜ ነው የመታሁት! ስማቸው የትም የለም። አንድ ቦታ እንኳን፣ በትንሽ ፊደል እንኳን የለም።

— ለምን? ለምን አልጻፏቸውም? ያኔ ይከለከል ነበር? ማተሚያ ቤቱ ነው?

— «ደራሲ መባል አማረኝ»…

— ይሁን። ሌላ ሰበብ አለማምጣትዎም አንድ ነገር ነው። ግን ጋሼ፣ ከፋኝ። እውነቱን ልንገርዎ፣ ከፋኝ። ስለ አንቱ ስንት ቦታ ተናግሬያለሁ! ትምህርት ቤት ጠርተውኝ ልጆቹ ፊት ቆሜ «እኝህ ሰው የሴትን ልብ እንዴት ቢያውቁት ነው» ብዬ…

— ሄደው ሰጧቸው? መጽሐፉን ራሱን? እንዴት ደፈሩ?

— ደስ ይላቸዋል ብለው… እህ።

— ቀስ ብለው ይንገሩኝ። ለእኔ ብለው ሳይሆን ድምፅዎ እየተቆራረጠ ነው። ኔትወርኩ ይሁን አንቱ ይሁኑ አላወቅኩም። በር ላይ ልውጣ። (አልማዝ፣ አሳልፊኝ።)

— አሁን ይሰማል። ይቀጥሉ።

— …እህ። …ከሽፋኑ ጀምረው። በጣታቸው እየተከተሉ። ገጽ በገጽ።

— «ስሜ የቱ ጋ ነው?» አሏቸው።… ማለቴ፣ አሉዎት።

— ምን መለሱላቸው?

— ምንም። እሳቸውስ? ተቆጡ? ረገሙዎት?

— ድንች ቀቅለው አቀረቡልዎት። እንግዳ ነዎት ብለው። በልተው ወጡ።

— ኧረ ጋሼ… ኧረ ጋሼ!

— አይ፣ እየሰማሁ ነው። ዓይኔ ውስጥ አቧራ ገብቶ ነው። እዚህ በር ላይ ነፋስ አለ።

— እና ከዚያ ነው መጽሐፉን ከየሱቁ የለቀሙት። እኔ ደግሞ «እንዴት እንዲህ ያለ መጽሐፍ ይጠፋል? ማን ጨካኝ ነው ያጠፋው?» እያልኩ ስራገም ነበር። እቤትዎ ከምረውት ምስጥ በላው… ያቺ የይፋጓ ብቻ አመለጠች።

— ገባኝ። ሠላሳ አምስት ዓመት ሙሉ ጠፋልኝ ብለው ተቀምጠው ነበር። ከዚያ እኔ መጣሁና ለአሥራ አራት ሺህ ሰው በተንኩት። ያውም በአንቱ ስም።

— (ቆይ አቶ ሞላ፣ አሁን ነው። አልማዝ ትጨርስልዎታለች።)

— ጋሼ፣ ይስሙኝ። ቢነሳስ ምን ይጠቅማል? ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባል የለ? የወረደው በየሰዉ ስልክ ውስጥ ነው፣ በቴሌግራም ይዘዋወራል፣ መልሼ ልሰበስበው አልችልም። እንደ ድሮው ከየሱቁ የሚለቀም ነገር አይደለም። ደግሞ ብናነሳው የምንደብቀው አንቱን ነው እንጂ እሳቸውን አናወጣቸውም። ሁለተኛ ነው የምናጠፋቸው። እኔ የምለው፣ ስማቸውን እንጻፈው። ሽፋኑ ላይ፣ ከላይ፣ በትልቁ። «ሙሾዎቹን ያወረዱት ወይዘሮ ለተሥላሴ አባይ፤ የጻፉት ምናለ ይሻው»። ምን ይመስልዎታል?

— የአንቱ ስም ይውጣ?… አይወጣም። ለምን ይወጣል? ሁለት ክረምት የጻፉት አንቱ ነዎት፤ ባይጽፉ ኖሮ ከእሳቸው ጋር ነበር የሚቀበረው። መግቢያውን ግን እንደገና ይጽፉታል። አሁን የነገሩኝን፣ እንዲሁ እንዳለ፤ ድንቹንም ሳይቀር።

— ከባድ ነው፣ አዎ። እኔም ስሰማው ከብዶኛል።

— ይቆዩ፣ ገብቼ አሁኑኑ ላስተካክለው። (አሳልፊኝ አልማዝ። ላፕቶፑን ወዲህ በይው። ቻርጀሩ ይነቀል፣ ግድ የለም።) ይኸው ከፍቼዋለሁ። ወይዘሮ… ለተሥላሴ… በንጉሡ «ሠ» ነው አይደል? እሳቸው ሲጽፉት በንጉሡ ነበር?… አንቱ እንዳስተማሯቸው። እሺ። አባይ። ይኸው ጻፍኩት። ከዚህ ሥር ሁልጊዜ የምጽፋት ዐረፍተ ነገር አለች፤ «ይህ መጽሐፍ በባለቤቱ ፈቃድ በነፃ የቀረበ ነው»…

— …

— ጋሼ።

— አለሁ። አለሁ፣ አልጠፋሁም። እጄ ቆመ።

— በማን ፈቃድ ነው የምለው? አንቱ ቢፈቅዱልኝም የአንቱ አይደለም። እሳቸው… በሕይወት አሉ?

— ነፍሳቸውን ይማር። መቼ?… አምና። አምና እዚሁ ጉና ላይ በሕይወት ነበሩ! መጽሐፉን ያወጣሁት እኮ ካቻምና ነው። እንዲያው ይሄን ሁሉ ጊዜ ኖረው፣ ስልክ ያለው ሰው ሁሉ ሙሾአቸውን እያነበበ፣ እሳቸው… ወይ ጉድ!

— ልጅ አላቸው?

— ኤሌኒ። እዚያው ናት? እናቷ ቤት?… ሄደው ያውቃሉ?… ለቀብሩስ?… ገባኝ። አልሄዱም።

— እሺ ጋሼ። እንግዲያው እንዲህ ነው። አንቱ አንሺው ብለውኝ አላነሳም ብያለሁ። አሁን ግን ላነሳው ነው። ለአንቱ ብዬ አይደለም። ኤሌኒን እስክጠይቅ ነው። እስከ ዛሬ ከመቶ ዘጠና ሦስቱ የሚጠየቅ ሰው እያለ አንዱንም ሳልጠይቅ አላወጣሁም ብዬ ስኮራ ነበር፤ ይኸው አንዱ ተገኘ።

— (ምን ሆነሽ ነው እጄን የምትይዥኝ? አውቃለሁ፣ በብዛት የሚነበበው እሱ ነው። አውቃለሁ አልማዝ! ሰው ይደውላል፣ «የት ሄደ?» ይላል፣ «የባለቤቷን ልጅ ልንጠይቅ ነው» በያቸው። እንደሱ ነው የምትያቸው። ልቀቂኝ።)

— ተነሳ። ይኸው፣ ገጹ ባዶ ሆነ።… እኔንም ደስ አላለኝም ጋሼ።

— እምቢ ብትልስ?… እምቢ ካለች እምቢ ነው። የእናቷ ነው። ልታቃጥለው ከፈለገች ክብሪቱን ራሴ አቀብላታለሁ፣ እያለቀስኩ። ብትፈቅድ ግን የእናቷን ስም ጽፌ፣ ፎቶ ካላትም ፎቶአቸውን አድርጌ ነው የምመልሰው።

— ቅዳሜ። ለምን ይዘገያል? ከአሁን ወዲያ እንቅልፍም የሚወስደኝ አይመስለኝም። ቅዳሜ ጠዋት ከወረታ በመጀመሪያው መኪና ይምጡ፣ መናኸሪያ በር ላይ እጠብቅዎታለሁ። እስከ ጋሳይ በመኪና፣ ከዚያ ወዲያ…

— አንቱማ ይመጣሉ! እንዴት አይመጡም? እኔ ብቻዬን ሄጄ ምን ልላት ነው? «አንድ ሰውዬ በስልክ ነገሩኝ» ልበላት?

— ጉልበት… ሰባ ሦስት ዓመትዎ ነው፣ ሰማሁ። በቅሎ እንከራያለን። አንቱ በበቅሎ፣ እኔ በእግሬ። ጋቢ ደራርበው ይምጡ፣ ለብርዱ።

— ጋሼ፣ ጉልበትዎ አይደለም። አውቃለሁ። እኔም አብሬዎት ነው የማፍረው፤ እኔ ደግሞ ለአሥራ አራት ሺህ ሰው ያዳረስኩ ነኝ። ሁለታችንም አንገታችንን ደፍተን እንሄዳለን። በር ላይ ከመለሰችን እንመለሳለን። ግን ሳንሄድ አንቀርም።

— እጠብቃለሁ። ያስቡበት፣ አልዘጋም።

— (የለም፣ እያሰቡ ነው። ዝም በሉ ሁላችሁም።)

— ይመጣሉ? እውነት?… እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እግዚአብሔር ይስጥልኝ ጋሼ። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት። አረንጓዴ ጥለት ያለው ነጠላ ለብሼ እቆማለሁ፣ አያጡኝም።

— ምን አሉ?

— «ገብቼ ምን እላታለሁ?»… እኔ እንጃ። ይሄንን ማን ያውቃል… ግን እኔ ብሆን፣ መጀመሪያ የራስዎን ስም አይንገሯት። «መምህር ምናለ ነኝ» ብለው አይጀምሩ። የእናቷን ስም ይጥሩላት። «የወይዘሮ ለተሥላሴ አባይ ልጅ ነሽ ወይ?» ይበሏት፣ ከነአባታቸው። ከዚያ ወዲያ እሷ የጠየቀችውን ብቻ ይመልሱላት።

— አዎ። ይኸው ነው። አሁን ይበሉት እስቲ፣ አፍዎ ይልመደው።

— …

— ጋሼ?… ሄሎ?… መምህር?

— (ተቋረጠ መሰለኝ። አይ… አይደለም፣ ራሳቸው ዘግተውት ነው። አልደውልም አልማዝ። ተያቸው፣ ያልቅሱ።)